ስሙን መካድ ወይስ አካሉን ማሳደስ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ያልተለየው ላፕቶፕ ካለፈው ክረምት ወዲህ እንደ ወባ በሽተኛ ያተኩሰው፣ ዳገት እንደ ወጣ ሽማግሌም ያለከልከው ጀመር። ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ ቡና እስኪፈላ ድረስ እተወዋለሁ፤ ቡናው ፈልቶ፣ አቦሉ ተቀድቶ፣ ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ሰላምታም አልቆ ስመለስ፣ እርሱ ገና ያችን ትንሽ የነጥቦች ክብ ሲያሽከረክር አገኘዋለሁ። መብራት በሄደ ጊዜማ ነገሩ የከፋ ነው፤ ባትሪው ከአራት ደቂቃ በላይ ስለማይታገሥ፣ የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ለመዝጋት እንኳ ፋታ ሳይሰጠኝ ድርግም ይላል።

ይህን ያዩ ቤተ ሰቦቼ ተሰብስበው፣ ተከሳሹን ሳይጠይቁ፣ የሞት ፍርድ ፈረዱበት። ታላቋ ልጄ «አባዬ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው፤ ስትለውጥ ደግሞ ያንኑ ስም እንዳትገዛ፣ በቃህ» አለችኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእኅቴ ልጅም በስልክ «ጋሼ፣ ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ስላለ አፕል እልክልዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አይፈልጉም» ሲል አጽናናኝ። ሁለቱም በፍቅር የተናገሩት ነውና አልተቀየምኩም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ እንዳስተዋልኩት፣ አንድ አድርገው ያቀረቡልኝ ጥያቄ በእውነቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ይህ አካል ሊድን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል የሕክምና ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ስም ልመንበት ወይስ ልካደው የሚል፣ ወደ ሃይማኖት የተጠጋ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችንም ገንዘባችንን የምናባክነው የሕክምናውን ጥያቄ በሃይማኖቱ መልስ ለመመለስ ስንሞክር ይመስለኛል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እርሱ ይቀላልና። መርካቶም ሆነ ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ላፕቶፕ ሊገዛ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ገድል ነው፤ ይኸኛው ስም «ብረት ነው»፣ ያኛው «ይግላል»፣ ሦስተኛው «መለዋወጫ የለውም» እየተባለ፣ በአንድ ዘመድ ቤት ከተበላሸ አንድ ዕቃ ተነሥቶ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዕቃዎች ላይ ውግዘት ይተላለፋል። ለመሆኑ ይህን ያህል የምንምልበትና የምንገዘትበት ስም ባለቤቱ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1985 ቲ1100 የተባለውን ላፕቶፕ ለገበያ አቅርቦ ለዚህ ንግድ ጥርጊያ ካወጡት አንዱ የነበረው ቶሺባ፣ በ2018 የላፕቶፕ ሥራውን 80.1 በመቶ ድርሻ ለሻርፕ ሸጦ፣ የቀረውንም በ2020 አስረክቦ ከዚህ ገበያ ጨርሶ ወጥቷል። አይቢኤም በ1992 ያወጣው፣ ጥቁር ልብሱና በፊደላቱ መካከል የተቀመጠችው ቀይ ነጥብ የምታስታውቀው ቲንክፓድ፣ ከ2005 ጀምሮ የቻይናው የሌኖቮ ንብረት ነው። ኮምፓክን ኤችፒ በ2002 ጠቅልሎ ወስዶታል፤ ሶኒም ቫዮን በ2014 ሸጦ እጁን ታጥቧል። ለአንድ ስም ዕድሜ ልኩን ታማኝ ሆኖ የኖረ ሰው እንግዲህ አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢያይ፣ እርሱ ስሙን ሳይክድ ስሙ እርሱን ክዶት ያገኘዋል።

ይህም ብቻ አይደለም። ኳንታ፣ ኮምፓል፣ ዊስትሮንና ኢንቬንቴክ የተባሉት የታይዋን ኩባንያዎች፣ አብዛኛውን በቻይና ምድር ባቋቋሟቸው ፋብሪካዎች፣ በአደባባይ ለሚፎካከሩት ስሞች ሁሉ ላፕቶፕ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከአንድ ሸማኔ እጅ የወጣውን ኩታ ሁለት ነጋዴዎች በየስማቸው ሲሸጡት ገዢዎቹ «የእኔ ይበልጣል» እየተባባሉ ቢከራከሩ፣ ሸማኔው ጓዳው ሆኖ ሳይስቅ ይቀራል ብዬ አላምንም።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ አለ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ በስምና በስም መካከል ከመሆኑ ይልቅ በአንዱ ስም ውስጥ በሚገኙ በሁለት ወገኖች መካከል ነው። ዴል ላቲቲዩድንም ኢንስፓይሮንንም ይሠራል፤ ኤችፒ ኤሊትቡክንም ፓቪሊዮንንም፤ ሌኖቮም ቲንክፓድንም አይዲያፓድንም። ከየጥንዱ ፊተኛው ለመሥሪያ ቤት የታሰበ፣ አንድ ባንክ ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚገዛው፣ የራሱም የጥገና ክፍል ፈትቶ የሚገጥመው ነውና፣ ብሎኑ በቀላሉ የሚፈታ፣ የጥገናው መመሪያ በይፋ የሚወጣ፣ መለዋወጫውም ለዓመታት ከገበያ የማይጠፋ ሆኖ ይሠራል፤ ኋለኛው ደግሞ የቤት ሸማችን ዐይንና ኪስ አይቶ የተሠራ ነው። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ፊተኛውን ሦስት ወይም አራት ዓመት ሠርተውበት በጅምላ ስለሚያስወግዱት፣ ያው ዕቃ በዱባይ በኩል ዞሮ ወይም በተጓዥ ሻንጣ ተጭኖ፣ «ያገለገለ» ተብሎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እኔ በበኩሌ ዋጋቸው አንድ ከሆነ ከአዲሱ የቤት ዕቃ ይልቅ ያገለገለውን የመሥሪያ ቤት ዕቃ እመርጣለሁ፤ ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ባለኝ ጊዜ ግን ስንተኛ ጀነሬሽን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው በ8ኛው ጀነሬሽን የቀጫጭኖቹን ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከሁለት ኮር ወደ አራት ስላሳደገው፣ የ8ኛው ኮር አይ ፋይቭ፣ ስሙ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ በ4ኛው ኮር አይ ሰቨን ላይ ይሠለጥንበታል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንመለስ። ቀድሞ ፒያሳ የነበረ፣ ሠፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል የተከራየ ወጣት ጠጋኝ አለ። አንድ ቅዳሜ፣ አባቶች የብራና መጽሐፋቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው ያነግቱ እንደ ነበረ እኔም ላፕቶፔን በቦርሳው አንግቼ ሄድኩ። ወጣቱ ዕቃውን ገልብጦ ዐሥሩን ብሎን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ እንዳይቀላቀሉበት በማግኔት ሰሌዳ ላይ በመጡበት ሥርዓት ደረደራቸው፤ ከዚያም በቀጭን የላስቲክ ስንጥር ዳር ዳሩን እየነካካ የታችኛውን ክዳን ባነሣው ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ጓዳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየሁ ሆንኩ። በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል የተከማቸው አቧራ ከመጠቅጠቁ የተነሣ ባና መስሎ ነበርና፣ በወረንጦ ይዞ ሲስበው ሳይበጣጠስ እንደ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ተላቆ ወጣ። ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ እንዲያሻግር የተቀባው ቅባት ደርቆ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ባትሪው ደግሞ እርሾ እንደ በዛበት ሊጥ ተነፍቶ፣ ከላዩ ያለውን የጣት መዳሰሻ ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ያ ሰሌዳ አልጫን እያለ ወር ሙሉ ያስቸገረኝ ለካ በዚህ ምክንያት ኖሯል! ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼ አላረጀም፤ ታፍኖ ነው» አለኝ።

ይህች ቃል፣ አልደብቅም፣ ከሌሊቱ ክርክሬ ሁሉ ይልቅ ረዳችኝ። ቀጥሎ ያስረዳኝንም በራሴ ቋንቋ ልተርጉመው። በውስጡ ያለው የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው፤ ይኸውም በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ሲሆን፣ አንዲት ቀጭን ክንድ በላዩ እየተመላለሰች የተፈለገውን ቃል ታስሳለች፤ የዕለቱን ምንባብ ፍለጋ ግጻዌውን ከዳር እስከ ዳር የሚያገላብጥ ጀማሪ ዲያቆን ማለት ናት። በምትኩ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው፣ ገጹን ሁሉ በቃሉ እንደ ያዘ መሪጌታ የተጠየቀውን ወዲያው ይመልሳል። ራሙ ደግሞ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ራም ማለት አትሮኖስ ነው፤ አትሮኖሱ ጠባብ ከሆነ አንዱን መጽሐፍ ለመዘርጋት ሌላውን አጥፎ ወደ ዕቃ ቤት መመለስ ግድ ነው፣ ዕቃ ቤቱም ያ ዘገምተኛ ሳሕን ሲሆን ድካሙ እጥፍ ይሆናል። በአሁኑ ዘመን ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው ዐሥርና ዐሥራ አምስት ገጽ በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ስለሚያነብ፣ 4 ጊጋ ትናንት ይበቃ እንደ ነበረ ዛሬ ሊበቃው አይችልም። ባትሪውንም ቢሆን መርገም አይገባም፤ የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ እንደ ወትሮው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ዐቅሙ አንድ አምስተኛውን ያጣል፣ ሙቀትና ሁልጊዜ ገመድ ላይ መዋልም ዕድሜውን ያሳጥሩታል፤ የእኔው ዘጠኝ ዓመት መቆየቱ ከትዕግሥቱ ብዛት ነው። የተነፋ ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ «ትንሽ ይቆይልኝ» ብሎ መማጠን ሞኝነት ስለ ሆነ፣ እዚያው አስወጥቼው መጣሁ።

ጥገናውን አብዝቼ ያወደስኩ ከመሰለ፣ የሚሸነፍበትንም ቦታ ልናገር። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ዕቃ አለ፤ ዋጋውም ተስፋውም ስለማይገናኝ፣ እርሱን መሸኘት ነው። ደግሞም አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሕግ የሚሞት ዕቃ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምሥጢር መጠበቂያ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን በፊት የነበሩትን አይቀበልም። አባቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ቈጥረው እንደሚከለክሉ፣ ይህም ሥርዓት እስከ ሰባተኛው ትውልድ ቈጥሮ ከለከለ፤ የእኔውም ላፕቶፕ የቆመው በዚሁ በሰባተኛው ላይ ነው። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የተራዘመ ጥበቃ ለተመዘገበ ሰው ስላለ ለጊዜው ተመዝግቤአለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሊኑክስ የተባለውን፣ ዋጋ የማይጠየቅበትን ሥርዓት እንዲጭንልኝ ወጣቱን ጠይቄዋለሁ። በላፕቶፑ የባንክ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅስ ወይም የሰው ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ግን ጥበቃው በተቋረጠ ሥርዓት ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ለእርሱ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዋጋውንም ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ በሌላ አገር 400 ዶላር የሚያወጣ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት፣ ከ23 ሺህ ብር በታች ከነበረበት ከ40 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዶላር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው «ከማስጠገን መግዛት ይረክሳል» ቢል በአገሩ ልክ ነው፤ እዚያ የሠራተኛው ሰዓት ውድ፣ ዕቃው ርካሽ ነውና፤ እዚህ ግን ሚዛኑ ተገልብጧል፣ የወጣቱም ሙያ የሚከፈለው በብር ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ጥራጊ እንዳወጣ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባሳተሙት ሪፖርት ላይ ሳነብ፣ ከዚያ ክምር ላይ የራሴን ሁለት ኪሎ ለመጨመር መቸኮሌ አሳፍሮኛል።

ልጄ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። እርሷ የሕንፃ ንድፍ ነዳፊ ናት፤ «አንተ የምትጽፈው ፊደል ነው፤ እኔ አንድ ሥዕል ለማዞር ዐሥር ደቂቃ ብጠብቅ ደንበኛው ይጠብቀኛል?» ስትለኝ እውነቷን ነው፤ ጊዜዋ ገንዘቧ የሆነ ሰው የእኔን ምክር ባይሰማ አልፈርድበትም። የእኅቴም ልጅ ስለ አፕል የሚለው ከንቱ ውዳሴ ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ፣ ማክቡክ ኤር ፋን ሳይኖረው የማይግል፣ አንድ ጊዜ ከተሞላም ኢንተርኔት እያነበቡበት እስከ 15 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ የሚናገርለት ዕቃ ሆኗል፤ መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ ራሙም ማከማቻውም እንደ ሌላው በብሎን የሚገባና የሚወጣ ሳይሆን ከሰሌዳው ጋር የተጣበቀ ነውና፣ በተገዛበት ቀን የተወሰነለት ዐቅም እስከ ዕለተ ሞቱ አይጨመርበትም። ለልጄ ልክ ነው፤ ለእኔ ግን አልሆነም፤ ያልሆነበትም ምክንያት ከፋኑም ከባትሪውም ከስሙም የራቀ ነው።

እኔ በአማርኛ የምጽፍ ሰው ነኝ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ፣ ደብዳቤው፣ ትርጕሙ፣ ያልታተመው ልቦለድ፣ የእናቴ የሙት ዓመት ንግግር ሳይቀር፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። ወጣቶች ላያውቁት ይችላሉና ልግለጸው፤ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቍጥር ተሰጥቶት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ግን እኛ የምንጽፈው በላቲን ፊደል ቤት ተከራይተን ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደልና ምልክት ነው፤ የፓወር ግዕዝ ፎንት ደግሞ በዚያ ላይ የእኛን ፊደል እንደ ጭምብል ያለብሰዋል። ጭምብሉ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ ጭምብሉ በሌለበት ላይ ሲከፈት ግን የትእምርተ ጥቅስ፣ የቅንፍና የማይገናኙ የፈረንጅ ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይህ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። እንግዲህ ከአንዱ የዊንዶውስ ስም ወደ ሌላው ብሸጋገር፣ ከዴል ወደ ኤችፒ ወይም ከኤችፒ ወደ ሌኖቮ፣ ከጽሑፌ አንዲት ነጥብ አትጠፋብኝም፤ ሥርዓቱን ከለወጥኩ ግን የሃያ አምስት ዓመት ቃሌ እንደ ባቢሎን ሰዎች ልሳን ይደባለቅብኛል። እነሆ፣ ስለ ስም ስንከራከር ሳናየው የቀረነው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የሚያስረን በክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን የገዛ ጽሑፋችን የተጻፈበት መንገድ ነው፤ ለሊኑክስም ቢሆን ያው ችግር ይጠብቀኛል።

መፍትሔው ቢታወቅም አድካሚ ነው። አሮጌዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቶ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል፤ የመለወጫው ፕሮግራም አብዛኛውን ራሱ ይሠራዋል፣ ነገር ግን አንዳንዱን ፊደል ስለሚስተው፣ «ኳ» የነበረው «ካ» ሆኖ፣ ሁለት ነጥቡም ጠፍቶ ይገኛልና፣ በዐይን ማረም የግድ ነው። አዲሱን ጽሑፍ ደግሞ ከእንግዲህ ኪይማን በተባለው መጻፊያ እጽፋለሁ፤ እርሱ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ላይ ይሠራል። ብራና ጸሐፊዎች ያረጀውን መጽሐፍ ወደ አዲስ ብራና ሲገለብጡ በየመስመሩ ያሳለፉትን ድካም አሁን በመጠኑ ቀመስኩት፤ እነርሱ በመቃ፣ እኔ በጣት ጫፍ መሆኑ ነው ልዩነቱ። አንዳንዱን ፋይል ስከፍት፣ የጻፍኩት ሰው እኔ መሆኔን የማላምንበት ጊዜ አለ፤ እርማቱንም ትቼ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ወጣቱ ኤስኤስዲውን ከገጠመው፣ ራሙንም ወደ 12 ጊጋ ካሳደገው እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አሁን የሚያስጠብቀኝ ቡናው ነው። ልጄ ባለፈው እሑድ መጥታ ማብሪያውን ተጫነችና፣ ስልኳን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ስለ ተከፈተ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያም «ግን አስቀያሚ ነው» አለች፤ እዚህ ላይ አልተከራከርኩም።

የቀረው ባትሪው ነው። ገበያው ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠውን ከቅጂው መለየት ስላልቻልኩ፣ ለእኅቴ ልጅ ደውዬ በላፕቶፑ ፋንታ ባትሪ ብቻ እንዲልክልኝ ነገርኩት፤ እርሱም ብዙ ከሳቀ በኋላ፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድለት፣ መንገደኛዪቱ በእጅ ቦርሳዋ እንድትይዘው አደራ ብሏታል። እስከዚያ ድረስ ላፕቶፑ በገመድ ታስሮ ይሠራል፤ እኔም ዛሬ ጠዋት 1995 የሚለውን ፎልደር ከፍቼ ዐሥራ አራተኛው ፋይል ላይ ደርሻለሁ።